ብየዳ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

አቶ ብርሃነመስቀልን የማያውቅ የአርባ ምንጭ ወጣት ካለ፣ ሥራ ፈልጎ የማያውቅ ወጣት ነው። ሰውየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንጀራቸው ንግግር ነበር። ገና በጎረምሳነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጡ፣ ወይዘሮ ሙሉዬን እዚሁ አገቡ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላይ ቤት ሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን በየአዳራሹ እየቆሙ የከተማውን ወጣት "ሥራ አትናቁ" ሲሉ ኖሩ። አንዱን ዲግሪህን ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ ድንጋይ ጥረብ ይሉታል። ሌላውን ላንቴ እርሻ ወርደህ ሙዝ ጫን። ሌላዋን ደግሞ ሸክላ ብትሠሪ ምን ትሆኛለሽ፣ የሚሠራው እጅ እንጂ ዘር አይደለም ይሏታል። ሲናገሩ ደግሞ፣ ሐቁን እንነጋገርና፣ ያምርባቸዋል። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ምሳሌያቸው አያልቅም። አዳራሹ ያጨበጭባል፣ እሳቸው ውሃቸውን ጠጥተው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ሴቻ ይወጣሉ። ምክራቸውን ሰምቶ ድንጋይ የጠረበም ሙዝ የጫነም አልጠፋም። የሰው ልጅ ነው ታዲያ፤ የእሳቸው ልጅ ቢሮ ነበረች።

ማዕዶት አንድ ልጃቸው ናት። ማኔጅመንት ተምራ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ፋይል ስታገላብጥ ወጣትነቷ አለቀ። ድርጅቱ ባለፈው ዓመት ሲዘጋ ሠላሳን ተሻግራ እናት አባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷ በየመሥሪያ ቤቱ ለሚያውቁት ሁሉ ደወሉላት። የሚያውቁት ሁሉ ደግሞ እንደ እሳቸው ጡረታ ወጥቷል።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ የአባያ ዓሣ ተጠብሶ ቀርቦ፣ ማዕዶት እሾሁን እየለቀመች፣ "አባዬ፣ ቢሮ በቃኝ" አለች። "የእጅ ሙያ ልማር ነው። አንተ ስንቱን መክረሃል፣ እኔንም አግዘኝ።"

አቶ ብርሃነመስቀል በደስታ የሚገቡበት ጠፋቸው። ይህን ቃል ከሰው ልጅ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት በየአዳራሹ ደክመዋል። እጃቸውን ታጥበው ተነሡና ለሁለት ሰው ንግግር አደረጉ። ሙያ የማይዘረፍ ሀብት እንደሆነ አብራሩ። ከዚያም አማራጭ ማቅረብ ጀመሩ፤ የሴቶች ፀጉር አለ፣ ኬክ አለ፣ ልብስ ስፌት አለ፣ የሠርግ አዳራሽ ማስጌጥ አለ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ድንጋይና ሙዝ አላነሡም። ለሰው ልጅ የቆረሱትና ለራሳቸው የቆረሱት እኩል አልመጣም፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ።

ማዕዶት እስኪጨርሱ ጠበቀችና፣ "እኔ የመረጥኩት ብየዳ ነው" አለች።

"ብየዳ?"

"አዎ፣ በር፣ መስኮት፣ የባጃጅ ጎን። ታች ሲቀላ ሰፈር ዘመድኩን የሚባል በያጅ አለ። ሰሞኑን እየሄድኩ ስሞክር ነበር። እሺ ካለኝ እሱ ጋር ነው የምማረው።"

አቶ ብርሃነመስቀል ቁጭ አሉ። ወይዘሮ ሙሉዬ ባላቸውን አየት አደረጉና፣ "በል እንጂ ብርሃኔ፣ ምነው አታጨበጭብም?" አሉ።

እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው። አቶ ብርሃነመስቀል በተወለዱበት አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ይፈራ ነበር። ማረሻውን ሠርቶ ይሰጣል፣ ልጅ ግን አይዳርለትም፤ እሱ ሲያልፍ እናት ሕፃኗን በነጠላ ትሸፍናለች። እዚህ ጋሞም ቢሆን ሸክላ የሚሠራና ቆዳ የሚፍቅ ከገበሬው ጋር አይጋባም ነበር። ይህ ሁሉ ኋላ ቀር አስተሳሰብ እንደሆነ አቶ ብርሃነመስቀል ጠንቅቀው ያውቃሉ። እንዲያውም ሥልጠናውን የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። ለሻይ ዕረፍት ከሚቀርበው ብስኩት ለማዕዶት በወረቀት ጠቅልለው ያመጡላት ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ሥልጠና ከአፋቸው ወደ ሆዳቸው አንድ ስንዝር እንኳ አለመውረዱን ሲያዩት ደነገጡ። ሰንበቴው ምን ይላል? የሴቻ ጎረቤት ምን ይላል? የብርሃነመስቀል ልጅ ቀጥቃጭ ሆነች ሊባል ነው።

"ሥራ መናቄ አይደለም" አሉ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ አባዬ" አለች ማዕዶት። "ሌላ አባት ቢሆን ገና ብየዳ ስል ከቤት ያስወጣኝ ነበር። በአንተ እኮ ነው የደፈርኩት።" ተነሥታ ግንባራቸውን ሳመች። ይህችም ነገር ሐሳባቸውን አላስለወጠቻቸውም።

አትሠሪም ብለው እንዳይከለክሉ ያ ሁሉ ንግግር አለ። ዝም እንዳይሉ ሰንበቴው አለ። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰቡ፤ ዘመድኩን ራሱ "እጅሽ ለዚህ አይሆንም፣ አትድከሚ" ቢላትስ? ልጅቷ ታዝንና ትተወዋለች፣ ከዚያ እሳቸው አጽናንተው ወደ ኬክ ይመልሷታል። ብቻ ይህን ለዘመድኩን ማን ይንገረው? እሳቸው ሲቀላ ወርደው የበያጅ ደጅ ሊጠኑ ነው? አይደረግም። በአገራቸው ከባድ ነገር የሚላከው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ላኩ። ልጃገረድ ለማምጣት ሽማግሌ ሲላክ እናውቃለን። የገዛ ልጅን ከብየዳ ለማስቀረት ሽማግሌ የላከ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

የተመረጡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ጡረተኛው ዳኛ ታዴዎስ፣ የሚፈርዱበት ነገር ካጡ ወዲህ በቤታቸው ዶሮዎች ላይ የሚፈርዱ። ሁለተኛው ለምርቃት መሪጌታ ጥዑመልሳን። ሦስተኛው አቶ ደግፌ፣ የጋሞዋ ጨንቻ ተወላጅ፣ የቀድሞ አስተማሪ፣ የአቶ ብርሃነመስቀል የረጅም ጊዜ ወዳጅ። ደግፌ ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም።

"ብርሃኔ፣ እኛ ዘንድ ሽማግሌ የገባበት ነገር እንዲሁ አይወጣም። መጨረሻው ሳይታይ አይለቅህም" አሉ።

"አንድ ቃል እኮ ናት ደግፌ። ሄዳችሁ ነግራችሁት ትመለሳላችሁ፣ አለቀ።"

ሦስቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠቀጠቁና ቁልቁል ወረዱ። ዘመድኩን ሲያያቸው ማሽኑን አጠፋ። ዘመድኩን ወፍራም፣ ወሬ ወዳጅ፣ ሰው ሲሰበሰብለት ደስ የሚለው ሰው ነው። ራሱ በበየደው አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፣ አምቦ ውሃ አስመጣ። ጎማ የሚለጥፉት ጎረቤቶቹ ሥራቸውን ትተው መጡ፣ ባለ ሥጋ ቤቱም ቢላውን እንደያዘ ብቅ አለ። ዳኛ ታዴዎስ ታዳሚውን "አንድ ጊዜ ፈቀቅ በሉልን" ብለው ካራቁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መግቢያ ተናገሩ፣ መግቢያው ረዘመ፣ ፀሐዩ ጠነከረ። ፍሬ ነገሩ ላይ ሲደርሱ፣ "ልጅቷን አትሆኚም በላትና አሰናብታት፤ የአባቷ ፈቃድ ነው፣ እሷ ግን እንዳትሰማ" አሉ።

"አባቶቼ፣ ልጅቷ እኮ ትሆናለች" አለ ዘመድኩን።

"ብትሆንም አትሆኚም በላት።"

ዘመድኩን ጭንቅላቱን ያዘ። "ይኼማ ጎሜ ነው" አለ። ጎሜ ማለት በጋሞ ነውርም ኃጢአትም ነው፤ የሠራው ሰው ቤት ልጅ ይታመማል፣ ላም ትነጥፋለች ይባላል። "ውሸት በሽማግሌ አፍ ተልኮ፣ እኔም ተቀብዬው፣ ነገ ልጄ ቢታመምብኝ ማን ይደርስልኛል? አቶ ብርሃነመስቀል ናቸው የሚያስታምሙልኝ? በዚያ ላይ ደግሞ ሽማግሌን ባዶ እጁን መመለስም ጎሜ ነው። ሁለቱንም አልችልም።" ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። "ቅዳሜ ኑ። ልጅቷ እፊታችሁ ትሥራ። አትሆንም ብላችሁ ከፈረዳችሁ እኔም አትሆኚም እላታለሁ። ላኪያችሁም ይምጡ፣ ባለቤቱ የተደበቀበት ነገር አያልቅም።"

አቶ ደግፌ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የፈሩት ይኼንኑ ነበር። ዳኛ ታዴዎስ ግን "ከፈረዳችሁ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወገባቸው ቀና አለ፣ ሌላ አልሰሙም። ቅዳሜ እንመጣለን ብለው ቃል ሰጡ።

አቶ ብርሃነመስቀል ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ላብ አጠመቃቸው፣ ቀጥለው ግን ተጽናኑ። ሦስቱም የእኔው ሰዎች ናቸው፣ አትሆንም ይላሉ፣ ያው ነው አሉ። ያስቸገረቻቸው ማዕዶት ናት። ዘመድኩን የነገራት አባቷ የላኳቸው ሽማግሌዎች ቅዳሜ ሊያዩዋት እንደሚመጡ ብቻ ነው፣ ሌላውን ዋጠው። እሷ ደግሞ የቀረውን በራሷ ልብ ሞላችው፤ አባቷ ተቀበላት ብለው የላኩላት መሰላት። "ለልጁ ሙያ ሽማግሌ የሚልክ አባት የት አለ?" እያለች ለጓደኞቿ ደወለች፣ ለአክስቷ ደወለች። ሳምንቱን ሙሉ የአባቷን ጫማ ራሷ ቦረሸች። እሳቸውም ጫማቸውን ባዩ ቁጥር ምግብ አልዋጥ ይላቸው ጀመር። ወይዘሮ ሙሉዬ ሁሉም ገብቷቸዋል። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ብለው ሳህኑን ያነሣሉ።

ቅዳሜ ሲቀላ የገበያ ቀን ነው፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ሽማግሌ በብየዳ ሊፈርድ ነው የሚለው ወሬ ከጠዋት ጀምሮ ዞሯል። አቶ ብርሃነመስቀል ሙሉ ልብስ ለብሰው ሲደርሱ አንድ ጎልማሳ ከሕዝቡ መሃል እጃቸውን ጨበጠና፣ "ድንጋይ ያስጠረቡኝ እርስዎ እኮ ነዎት" አላቸው። ያመስግናቸው ይውቀሳቸው አልለየላቸውም። አጠገቧ ሲደርሱ ማዕዶት በሰማያዊ ቱታ ሆና ፈገግ አለችላቸው።

ፈተናው የግቢ በር ላይ የላይኛውን ማጠፊያ መበየድ ነው። ዘመድኩን ለሽማግሌዎቹ፣ "አባቶቼ፣ እሳቱን እንዳታዩት፣ ዓይን ያጠፋል" አላቸው። ስለዚህ ሦስቱ ዳኞች ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ እሷ ስትበይድ እነሱ በታላቅ ጥሞና የጎማ ቤቱን ግድግዳ ተመለከቱ። ብየዳው ሲያልቅ ዞሩ። መልኩ አያምርም፤ አንድ ቦታ ላይ አብጧል፣ ሌላ ቦታ ላይ ተንጠባጥቧል። አቶ ብርሃነመስቀል ይህን ሲያዩ ተስፋ አደረጉና ለዳኛው በዓይናቸው ምልክት ሰጡ። ዳኛ ታዴዎስ ከዘራቸውን አንሥተው ማጠፊያውን በኃይል መቱት። ከዘራው ተሰበረ። ግዙፉ ባለ ሥጋ ቤት ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው በሩ ላይ ተንጠላጥሎ ከወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ፤ ይህን የሚያህል ሰው ተሸክሞ ማጠፊያው ንቅንቅ አላለም። ሕዝቡ ሳቀ።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው መከሩ። ዳኛው ሲመለሱ የአቶ ብርሃነመስቀልን ዓይን ሸሹ፤ አገር ያየውን በር ወድቋል ብሎ መፍረድ ለእሳቸውም ከብዷቸዋል። "ትሆናለች" አሉ በአጭሩ። መሪጌታ ጥዑመልሳን ሊመርቁ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ቆዩ መሪጌታ" አሉ አቶ ደግፌ። "እኛ ዘንድ ከምርቃት በፊት ሆድ ውስጥ ያለው ይወጣል። በተደበቀ ነገር ላይ የተመረቀ ምርቃት አይዝም። በእኔ ሆድ ነገር አለ፤ ግን ባለቤቱ ቢያወጣው ይሻላል።"

ዘመድኩን፣ ያ አፉ የማያርፍ ሰውዬ፣ ጫማውን ማየት ጀመረ። ማዕዶት አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ በመጨረሻ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ?"

አቶ ብርሃነመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የተከበራችሁ ታዳሚዎች" ብለው ጀመሩ፣ አፋቸው ለምዶ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ቃል አጡ። ልጃቸውን አዩ፣ ጉንጯ ላይ ጥቀርሻ አለ፣ አሁንም ከእሳቸው የምትጠብቀው ሙገሳ ነው።

"ሽማግሌዎቹን የላክሁት ዘመድኩን እንዲያስተምርሽ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "አትሆኚም ብሎ እንዲያባርርሽ እንዲነግሩልኝ ነው።"

"ለምን?"

"አፈርኩ።"

"በኔ?"

"የበያጅ አባት መባልን አፈርኩ። ያን ሁሉ ስናገር ኖሬ አፈርኩ ልጄ። ሌላ የምለው የለኝም።"

የማዕዶት ዓይን እንባ ሞላ፤ በጓንቷ ስትጠርገው ጥቀርሻው ፊቷን ሁሉ አዳረሰው። ትሄዳለች ብለው ጠበቁ፣ ትጮሃለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ራሷ ላይ የነበረውን ጥቁር የብየዳ ማስክ አወለቀችና ለአባቷ ዘረጋችላቸው።

"እንካ፣ ይኼ ፊት ይሸፍናል" አለቻቸው። "አጥልቀውና በሩን ያዝልኝ፣ የታችኛው ማጠፊያ ይቀረኛል። ማንም አያውቅህም።"

አቶ ብርሃነመስቀል ተቀብለው አጠለቁት። ዘመድኩን የራሱን ማስክ ለማዕዶት አቀበላት፣ ሽማግሌዎቹም እንደገና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጡረተኛው በሙሉ ልብሳቸው ጎንበስ ብለው የብረቱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እዚያ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ግን ማን እንደሆኑ ያላወቀ አንድም አልነበረም።