የማይፈርስ እርከን

በደርግ ጊዜ፣ ከድርቁ ማግስት፣ መንግሥት እርከን ሥሩና ስንዴ ውሰዱ አለን። ምግብ ለሥራ ይሉታል። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ያለውን ቁልቁለት ሸንሽነው ለየቤቱ ሰጡን። ባሌ ለውትድርና ተወስዶ እኔና አማቴ ብቻ ቀርተን ስለነበር የቤታችንን ድርሻ የሠራሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ግንበኛ ነበር፤ የድንጋይ አመራረጥ ከእሱ ተምሬያለሁ። ጎረቤቶቼ ግን ድንጋዩን እንደ ድንች ይከምሩታል። ሳቅሁባቸው፤ አንዳንዱንም ሰደብኩ። ከኮን ከተማ የተላከው ጎረምሳ የልማት ሠራተኛ የእኔን እርከን ረገጥ ረገጥ አድርጎ "እንዲህ ነው እንጂ!" ሲል እንዴት ደስ አለኝ! ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ክረምቱ ገባና የሁሉም እርከን በጎርፍ ተናደ። የእኔ ንቅንቅ አላለም። መስከረም ላይ ሠራተኛው ተመልሶ መጣ፤ የፈረሰበት ለጥገና ይመዝገብ፣ ስንዴ ይሰፈርለታል አለ።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺማ ጎበዝ ነሽ፤ ምንሽ ይጠገናል?"

ገብሱ ገና አልደረሰም። ጎተራችን ውስጥ የቀረው ለሳምንት አይበቃም።

"ሄደሽ አፍርሺው" አሉኝ አማቴ።

"እማማ፣ እጄ እምቢ ይለኛል።"

"እንግዲያው ሙያሽን ጋግረሽ ብዪያ!"

አኩርፈን ተኛን። ጠዋት ስነሳ አማቴ የሉም። ሮጬ እርከኑ ጋ ስደርስ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው በዶማ ይታገሉታል። ያን ሁሉ ደክመው የነቀሉት ሦስት ድንጋይ ነው። አንዴ ቆፈር አድርገው ዶማውን ተደግፈው ያርፋሉ። ሰሞኑን "እኔ በልቻለሁ" እያሉ ድርሻቸውን ወደ እኔ ሲገፉ እንደከረሙ ያኔ ገባኝ። በኩራቴ አፈርኩ። ዶማውን ተቀበልኳቸውና ራሴ ናድኩት።

እኛም ተመዘገብን። መልሼ ስገነባ አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኛል። አንዱን ድንጋይ አገላብጬ፣ ልኩን አግኝቼ፣ ጥርቅም አድርጌ ሳስገባው እጄን ያዙኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እባክሽን አታጥብቂው።"