የታናሼ ጉንጭ

ያ በጋ ትዝ ይለኛል። ነፋሱ ከአቧራ በቀር የሚያመጣው አልነበረውም፤ ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ መሳቅ እንኳ ያመን ነበር። ፊቱ ያልደረቀበት ሰው ስላልነበረ የሰፈራችን የመዋቢያ ሱቅ ገበያ ደራለት፤ ታናሽ እህቴም እዚያ ተቀጠረች።

የምትሸጠው ቶነር ነበር፤ ፊት ከታጠበ በኋላ፣ ክሬም ከመቀባቱ በፊት፣ በጥጥ የሚያስነኩት ውሃ መሳይ ነገር። እንዴት እንደሚደረግ የምታሳየው በራሷ ፊት ነው። የምትቆምበት ቦታ ብርሃን የሚያገኘው ቀኝ ጉንጯ ብቻ ስለሆነ፣ ገበያተኛ በገባ ቁጥር ያንኑ ጉንጭ ትጠርጋለች። ሰው ጠዋትና ማታ የሚያደርገውን እሷ ቀኑን ሙሉ ስታደርገው ትውላለች።

ማታ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ትላለች።

«ዛሬስ ቲማቲም መስሏል» አልኳት አንድ ቀን።

«ቲማቲም ቢሆንማ ራሱን ይሸጥ ነበር፣ እትዬ።»

ሳቅን። እያደር ግን ጉንጯ ይላጥ ጀመር። ውሃ ሲነካው ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ትነክሳለች። ጠዋት ጠዋት በፓውደር ሸፍናው ትወጣለች። በእጄ ላይ ላሳይ ብላ ባለሱቋን ብትለምን፣ «ሴት የምትገዛው ፊት አይታ ነው እንጂ እጅ አይታ ነው እንዴ?» አለቻት።

በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ያንቺን ጉንጭ እንዲህ ካደረገው ለኔስ ምን ሊበጀኝ ነው?»

«ለእርስዎ ደህና ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ ያበዛሁት።»

ሴትዮዋ ሳይገዙ ወጡ። ባለሱቋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አላባረረቻትም። የዚያኑ ዕለት ጠረጴዛውን ወደ ሌላው ግድግዳ አስዞረችና፣ «በይ፣ ከነገ ጀምሮ ብርሃኑ በግራሽ ነው፤ ያኛው እስኪድን በዚህ ትሠሪያለሽ» አለቻት።

እህቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ምን አልሻት?»

«ይሄኛው እንኳ ለራሴ ይቅርልኝ አልኳት።»

ሌላ ሥራ የት ሊገኝ ነው ልላት ነበር። ግን ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አወለቅኩላት። ከነልብሷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

አሁን ከወንዙ ማዶ ባለው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ቁልፍ ትተክላለች። የምትኖረውም እዚያው አጠገብ፣ ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ነው።