ከስክሱ በእንጦጦ ዳገት

ባለፈው ሳምንት ከየካ አባዶ ስመጣ ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ወታደር አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኔ ቀጥታ የሄደው ወደ ከስክስ ጫማው ነው። የዱሮ አመሌ ነው፤ ጡረታም አላስጣለኝ።

በወጣትነቴ ለሠራዊቱ ዕቃ ከውጭ በሚገዛ አንድ መሥሪያ ቤት የናሙና መርማሪ ነበርኩ። የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም። አንድ የውጭ አቅራቢ የከስክስ ጫማ ናሙና ላከ። የመሥሪያ ቤታችን ወግ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ ቃለ ጉባኤው «ናሙናው ተሞክሮ ብቁ ሆኖ ተገኝቷል» ተብሎ አስቀድሞ ይተየባል፤ ኮሚቴው ሻዩን ጠጥቶ ይፈርማል። ሁለቱ አባላት ፈርመው ወረቀቱ እኔ ጋ ደረሰ።

«ማን ሞከረው?» አልኩ።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ታደሰ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝ። ቋሚ ሠራተኛ የምሆነው እሳቸው ሲጽፉልኝ ነው። «ፈርም እንጂ ልጄ፤ አንተ ደግሞ!»

«ሦስት ቀን ይስጡኝ፣ ጋሼ። የጫማው ቁጥር ልኬ ነው፤ ራሴ ልሞክረው።»

ፊታቸው ባይፈታም እምቢ አላሉኝም።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ጫማውን ተጫምቼ ከሰፈሬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ አናት በየጠዋቱ ወጣሁ። ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከኪሴ ትኩስ ቅቅል ድንች እያወጣሁ፣ እየላጥኩ እበላለሁ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ኮንጎ ጫማቸውን አሳዩኝና «ያንተ ለሠርግ ነው፤ ለዳገቱስ የኔ ይሻላል» ብለው ሳቁብኝ። ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን የቀኙ ሶል ተላቆ ጣቶቼ ጭቃ ውስጥ ገቡ። እውነታቸውን ነበር።

ጫማውን ከነጭቃው የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። የአቅራቢው ወኪል ፊቱ ቀላ። «ለእንዲህ ያለ መንገድ አልተሠራም» አለ በአስተርጓሚው በኩል።

«ታዲያ ወታደሩን ምንጣፍ ላይ ልናዘምተው ነው?» አሉ ጋሽ ታደሰ። የፈረሙበትን ወረቀት አንስተው ቀደዱት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም ፈርሜ ነበር እኮ» አሉኝ። ሌላ ናሙና ሲመጣ ራሳቸው ተጫምተውት፣ እያለከለኩ እንጦጦን አብረውኝ ወጡ። የተገዛው እሱ ነው።

እኔም ቋሚ ሆንኩ፤ ሹመት ግን አላየሁም። ልጆቼ «ምን ሠራህ?» ቢሉኝ በጣቴ የማሳያቸው ሕንፃ የለኝም። በዚያ ጫማ እግሩ ሳይረጥብ ዳገት የወጣ ወታደር አያውቀኝም፤ ጫማውንም ረስቶት ይሆናል። ጫማ የሚረሳው ደግሞ ካልጎዳ ነው። እኮራበታለሁ፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው።