የብረት ቀለበቷ

ይህን ስጽፍ ሦስት ምንጮች አሉኝ፤ የራሴ ትዝታ፣ ጓደኛዬ ጌታሁን ሆስፒታል ተኝቶ የነገረኝ፣ እና በቅርቡ እዚህ ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚባለው ሰፈር ባለ የአገራችን ሰዎች ካፌ በቴሌቪዥን ያየሁት አሮጌ ፊልም። ከሦስቱ አብልጬ የምጠራጠረው የመጀመሪያውን ነው።

ሽሮ ያቀረበችልኝ ልጅ ቆም ብላ ስታይ፣ «ጋሼ፣ ደሙ እውነተኛ ይመስላል እኮ» አለችኝ። እውነተኛ ነበር።

ፊልሙ በተሠራበት ዘመን ሮም የምንማር ወጣቶች በበጋው ዕረፍት በፊልም አጃቢነት እንሠራ ነበር። በዚያ ፊልም ጌታሁን ምርኮኛ፣ እኔ ጦር ተሸካሚ ነበርን። ንግሥቲቱን የምትጫወተው በወጣትነቷ አገሩ ሁሉ ያበደላት፣ በጦርነቱ ዘመን በየባቡር ጣቢያው ዘማቾችን እየሳመች የሸኘች ተዋናይ ነበረች። ዕድሜዋ ቢገፋም ከጣቷ አንድ ጥቁር የብረት ቀለበት አይለይም። በምሳ ሰዓት ሐብሐብ እየበላን (ነሐሴ ይመስለኛል) ታሪኩን በኩራት አጫወተችን፤ የወርቅ የጋብቻ ቀለበቷን ለጦርነቱ ሰጥታ በምትኩ የተቀበለችው ነበር።

«ለየትኛው ጦርነት፣ ሲኞራ?» አላት ጌታሁን።

«ለእናንተው ነዋ፣ ልጄ» አለች፣ እንደ ዘመድ ፈገግ ብላ።

የጌታሁን አባት በዚያ ጦርነት ከአውሮፕላን በተረጨ መርዝ ቆዳቸው ተልጦ ነው የሞቱት። ሐብሐቡን አስቀመጠ።

ከምሳ በኋላ በሚቀረጸው ትዕይንት እሱ ተንበርክኮ አንገቱን ሊደፋ፣ እሷ በጥፊ የመታችው ልትመስል ነበር። አልደፋም። ዳይሬክተሩ ቢጮህበትም ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት። በእጇ ጀርባ መታችው፤ ቀለበቱ ጉንጩን እስከ አጥንቱ ሰነጠቀው። እጇን ይዞ ጣቷን ወደ ኋላ ቆለመመው። ሲሰበር የሰማሁ ይመስለኛል፤ ጩኸቷን ግን በእርግጥ ሰምቻለሁ። ሠራተኞቹ በድንኳን ምሰሶ አፉን ደበደቡት። ጦሬን ይዤ ገባሁ፤ ከካርቶን የተሠራ ነበርና በመጀመሪያው ምት ታጠፈ። እኔንም አቧራው ላይ ጥለው ረገጡኝ።

በግርግሩ ቀለበቱ ከጣቷ ወልቆ ጠፋ። የሁላችንንም ልብስ ፈተሹ፤ አፈሩን በወንፊት ነፉ። ተዋናይቷ ስለ ተሰበረው ጣቷ ሳይሆን ስለ ቀለበቱ ታለቅስ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ጌታሁንን ቀለበቱን የት እንዳደረሰው ጠየቅሁት።

«ዋጥኩት» አለኝ በተሰፋ አፉ።

«አትቀልድ።»

«ምን ላድርግ፣ ዶክተር? የምርኮኛ ልብስ ኪስ የለውም።» መጽሐፍ ስለማበዛ ዶክተር ይለኝ ነበር።

ፊልሙ ጥፊውንና ደሙን ብቻ ይዞ ቀሪውን ቆርጦታል፤ ቀጥሎ ንግሥቲቱ የምትታየው እጇን በሻሽ ሸፍና ነው። ጌታሁን ካረፈ ቆይቷል። እውነት ውጦት እንደሆነ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ያን ዕለት ፊቱን አተኩሬ አይቼው ነበር፤ ነገር ግን ከፊት ጥርሶቹ አንድም ስላልቀረለት፣ እየሳቀ ይሁን እያመመው መለየት አልቻልኩም።