የመከታ ቁስል

መርሳ ላይ አንድ ሆቴል በር የተኛ ትልቅ ውሻ ቁስሉን ሲልስ አየሁና ቀጥ አልሁ።

በልጅነቴ የነበረን ውሻ፣ መከታም እንዲህ ያለ ግዙፍ፣ ከአምባሰል ደጋ የመጣ የፍየል ጠባቂ ነበር። አንድ ማለዳ ከጅብ ተናንቆ ፍየሎቹን አተረፈ፤ የራሱ ጎን ግን ተተረተረ። አያቴ ጆሮዋ የተጫረ ፍየል ይዘው ፌጦ ይቀባሉ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

"አብዬ፣ ለመከታስ?" አልኋቸው።

"አንተ ሞኝ! ውሻ አይሸጥ፣ አይታረድ። ፌጦዬን ለምን ልጨርስበት?"

መከታ አላለቀሰም፤ ያለቀስሁት ጀግናው እኔ ነኝ። እሱማ ደሙን እያንጠባጠበ፣ እንደ ወትሮው ፍየሎቹን ተከትሎ ወጣ። ማታ ፍየሎቹ ሙሉ ገቡ፤ እሱ የለም።

"ምነው ቆሙ አባባ?" አለኝ የሆቴሉ ጥበቃ።

"ጉልበቴ ነው" አልሁት። ምስኪን ጉልበቴ፣ ያላሳበብሁበት ነገር የለም።