ኮቷን የማታወልቀው ነርስ

የልብ ኦፕራሲዮን አድርጌ ከሆስፒታል ስወጣ ከሁሉ በላይ የፈራሁት ሳልን ነበር። ደረቴ መሃል ለመሃል ተከፍቶ ስለተሰፋ በሳልኩ ቁጥር የሚተረተር ይመስለኛል። የሆስፒታሉ ነርሶች አንድ ጠንካራ ትራስ ሰጥተውኝ "ሳል ሲመጣብሽ ይህን አጥብቀሽ እቀፊ" አሉኝ። እኔም ትራሱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣ በልጄ መኪና ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አፓርትመንቴ ተመለስኩ።

ሐኪሞቹ ከግራ እግሬ ረጅም ደም ስር አውጥተው ለልቤ አዲስ መንገድ ሠርተውበታል። ስለዚህ ከደረቴ ሌላ ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ እስከ ጉልበቴ የሚወጣ ስፌት ነበረኝ። ሁለቱንም ቁስል ቤቴ እየመጣች የምታይ ነርስ ከአንድ ኤጀንሲ እንደሚልኩልኝ ነግረውኛል። ደስ አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። ልጄ ደግሞ ጌይተርስበርግ ሁለት ትንንሽ ልጆች እያሳደገች ትሠራለች፤ የቻለችውን ያህል ፈቃድ ወስዳ አስታመመችኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ሥራዋ መመለስ ነበረባት።

ልጄ ሥራ በገባችበት ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ታላቅ እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች።

"እትዬ! ምነው በደህና?"

"በደህና ነው። መጣሁ።"

"ምነው ሳትደውዪ? ደግሞ እኮ ነርስ ይልኩልኛል።"

"ነርሷም ትምጣ፣ እኔም አለሁ" አለችና ሻንጣዋን እየጎተተች አልፋኝ ገባች።

እህቴ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ግን በመካከላችን ያለው ወንዝና ከተማውን የሚዞረው የቤልትዌይ መንገድ ትራፊክ ለሰነፍ ሰው ጥሩ ምክንያት ናቸው። ለሁለታችን ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረን። እሷ ገና አዲስ አበባ እያለን ጴንጤ ሆነች፤ እኔ በአባቶቻችን ሃይማኖት ቀረሁ። ተጣልተን አናውቅም፤ ስለ ሃይማኖት ላለማውራት ስንጠነቀቅ ግን ሌላውም ወሬ አብሮ ቀነሰ። ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ እንገናኛለን፤ ተሳስመን፣ በልተን፣ እንለያያለን። አንድ ጣሪያ ሥር አብረን ካደርን ስንት ዘመኑ!

ነርሷ በማግስቱ መጣች። ፊቷ ደስ የሚል፣ ወጣት ልትባል የምትችል ሴት ናት። ጥቁር ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አንዱ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች። "ሃው አር ዩ ፊሊንግ?" አለችኝ።

"ፋይን" አልኩ።

ጉድ የሠራችኝ ይህች "ፋይን" ናት። እኛ ቤት የታመመ ሰው ስለ ጤናው ሲጠየቅ ነፍሱ ልትወጣ እያጣጣረች እንኳ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚለው። ነርሷ መልሴን እንዳለ ተቀበለችኝ። ከሹራቤ እጅጌ በላይ አድርጋ ግፊቴን ለካች፣ ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች፣ በጣቴ እንድፈርምበት ሰጠችኝና ተነስታ ሄደች። ከማዳመጫዋ ጋር ካወራችው ከእኔ ጋር ያወራችው ያንሳል።

እህቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። "አለቀ?" አለችኝ።

"አለቀ።"

"እጇን መቼ ታጠበች?"

"ከመምጣቷ በፊት ይሆናል እንጂ።"

"መኪናዋ ውስጥ ቧንቧ አላት?"

ሳቅ ያዘኝ፤ ትራሴን ታቅፌ እያቃሰትኩ ሳቅሁ። "እባክሽ አታስቂኝ፣ እሞትብሻለሁ" አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

በሚቀጥለው ጊዜ ነርሷ ስትመጣ እህቴ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች። የእህቴ እንግሊዝኛ ለገበያና ለአውቶቡስ የሚበቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እጇን ትጨምርበታለች። እግሬን እያመለከተች "ሌግ! ሉክ፣ ሌግ!" አለቻት። ነርሷ ጎንበስ ብላ የፋሻውን ጫፍ በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ መልሳ ጣለችው። "ኖርማል" አለች። እግሬ ሞቅ ሞቅ እንደሚለኝ፣ ስቆም እንደሚከብደኝ ልነግራት አፌን ስከፍት ማዳመጫዋ ላይ ሰው ደወለላት። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

"ኖርማል!" አለች እህቴ በሩን እየዘጋች። "በጣቷ ጫፍ አየችና ኖርማል!"

"እትዬ፣ ተምራ እኮ ነው የመጣችው።"

"ተምራማ ይሆናል። ግን አላየችም። ያላዩትን በምን ያውቁታል?"

ይሉኝታ የሚባለው ነገር አጥንቴ ድረስ የገባ ሰው ነኝ። ቤቴ ለመጣ ሰው፣ ያውም ሊረዳኝ ለመጣ ሰው፣ "ይህን አጎደልሽ" ማለት ጨዋነት አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ የቀረችበት ቀን መጣ። ቀኑን ሙሉ ታጥበን፣ ለብሰን፣ ቤቱን አሰናድተን ጠበቅናት። ማምሻውን ልጄ ከሥራ ስትወጣ ኤጀንሲው ጋ ኮል አደረገች። ሆልድ ላይ ዘፈን ሲያሰሟት ቆይተው አንዲት ሴት አነሳች፤ ነርሷ ዛሬ መጥታ እንዳየችኝ፣ ኮምፒውተሩም ይህንኑ እንደሚል ነገረቻት። ልጄ ወዲያው ደውላ ይህንኑ ነገረችን።

እህቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና "እንግዲህ ሳናያት መጥታ ሄዳለቻ! መንፈስ ነች እንዴ?" አለች። ልጄ በዚያኛው ጫፍ ሳታስበው ሳቀች። "ኦ ማይ ጋድ፣ አክስቴ!"

በማግስቱ ጠዋት እህቴ እጇን ታጥባ መጣችና "አምጪው እግርሽን" አለችኝ። ፋሻውን ቀስ እያለች ፈታችው። የስፌቱ ግራና ቀኝ ቀልቷል፤ ወደ ታች ባለው በኩል አብጦ መግል ቋጥሯል። መዳፏን ስታስጠጋው ሙቀቱ ሳትነካው ተሰማት።

"ነርሷ ከነገ ወዲያ ትመጣለች፣ ያኔ እናሳያት" አልኩ፤ አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው።

"አንቺ ልጅ" አለችኝ እህቴ። ቆጣ ስትል እስከ ዛሬ "አንቺ ልጅ" ነው የምትለኝ። "ልብሽን የሚያህል ነገር ከፍተው ጠግነውልሽ፣ በእግርሽ ልትሞቺ ነው? ተነሽ፣ ልበሺ።"

ልጄ ስንነግራት የቀዶ ሐኪሜ ቢሮ ደወለች፤ "አሁኑኑ አምጧት" አሏት። ልጄ ከሥራዋ በቀጥታ እዚያ ልትጠብቀን፣ እህቴ ልትወስደኝ ተስማማን። እህቴ ከአሌክሳንድሪያ የመጣችው ራሷ እየነዳች ቢሆንም ሀይዌይ ላይ ዝር አትልም፤ ትንንሹን መንገድ ይዛ፣ በየመብራቱ እየቆመች ነው የምትነዳው። ያን ቀንም እንደዚያው አደረገች። ከኋላችን ጥሩምባ ይነፋሉ፤ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "በኢየሱስ ስም!" እያለች ትጸልያለች። እኔ በጎን በልቤ "እመቤቴ ድረሺልኝ" እላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ከልቤ አምልጦ በአፌ ወጣ። ዞር ብላ አየችኝ። ቅር የሚላት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን "በይ፣ ጥሪያት፤ መንገዱ ገና ነው" አለችኝ። ስንት ዘመን ስንጠነቀቅለት የኖርነው ነገር ቀይ መብራት ላይ እንዲሁ ቀለለ።

ክሊኒኩ ውስጥ የሐኪሙ ረዳት ተቀበለችን። እግሬን አይታ ፊቷ ተለወጠ። ሁለት ስፌት ፈታ መግሉን አወጣች፣ አጠበችው፣ ጠንካራ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ቁስሉ ማመርቀዙን፣ ገና ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ፣ ጥቂት ቆይቼ ብመጣ ግን ተመልሼ ሆስፒታል እተኛ እንደነበር ነገረችን። ከዚያ "ቤት ይህን ሲያይልሽ የነበረው ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ነርሷ እንኳ ጥሩ ሰው ናት፣ ሥራ በዝቶባት..." ብዬ ስጀምር ልጄ አቋረጠችኝ።

"ማሚ፣ ስቶፕ ፕሮቴክቲንግ ኸር! እስከ መቼ ትከላከዪላታለሽ?"

ረዳቷ ሌላ ነርስ የመጠየቅ መብት እንዳለኝ ነገረችኝ። እህቴ ምን እንዳለች ጠየቀች፤ ልጄ ተረጎመችላት። "መብቷ ከሆነ ታዲያ ምን እንጠብቃለን?" አለች እህቴ።

ልጄ እዚያው ኤጀንሲው ጋ ልትደውል ስልኳን አወጣች። እጇን ያዝኩት። "ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ራሴ ልንገራት" አልኳት። ለምን እንደሆነ በውል አላውቀውም። ሰው በሌለበት ማባረር አልሆንልሽ አለኝ መሰለኝ።

ነርሷ በቀጠሮዋ ቀን መጣች፤ እንደ ልማዷ ኮቷን እንደለበሰች ልትቀመጥ ስትል "ፕሊዝ፣ ዌይት" አልኳት። ልቤ በጣም ይመታ ነበር፤ አዲሱ መንገዱ ምን ያህል እንደሚችል ያን ጊዜ ተፈተነ። ኮቷን እንድታወልቅ፣ እጇን እንድትታጠብ፣ ማዳመጫዋን እንድታወጣ፣ ከዚያ እግሬን እንድታይ በሰባራ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። ቀን ሙሉ ጠብቀናት እንዳልመጣች፣ ቁስሉ እንዳመረቀዘ፣ ሐኪም ቤት ሄደን እንደመጣን አንድ በአንድ ነገርኳት። አልጮህኩም።

ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች። ከዚያ ኮቷን አወለቀች። እጇን ታጠበች፣ በደንብ። እግሬ አጠገብ ተንበርክካ ፋሻውን ፈታ ስታየው ፊቷ ቀላ። "አይ አም ሶሪ" አለች። ከግሪንቤልት እስከ ጌይተርስበርግ ስትነዳ እንደምትውል፣ ለአንድ ሰው የሚሰጧት ጊዜ መኪና ለማቆም እንኳ እንደማይበቃት ነገረችኝ። ያልመጣችበትን ቀን ለምን መጣሁ እንዳለች ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

አመንኳት፤ አዘንኩላትም። ቢሆንም "አዝንልሻለሁ፣ ግን እግሩ የኔ ነው፤ ሌላ ነርስ እጠይቃለሁ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ፋሻውን ከምንጊዜውም ይልቅ ጥሩ አድርጋ አስራልኝ ሄደች። እህቴ በር ድረስ ሸኘቻትና አንድ ብርቱካን በእጇ አስጨበጠቻት። ለምን እንደሰጠቻት ስጠይቃት "መንገድ ላይ ነው የምትውለው አላለችም?" አለችኝ። እንግሊዝኛው ገብቷት ኖሯል።

ልጄ፣ ነርሷ ያልመጣችበትን ቀን ጭምር አንስታ፣ ለኤጀንሲው አቤት አለች። አንዲት ኃላፊ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከዚያም አዲስ ነርስ ላከችልን። በሩን የከፈተችው እህቴ ነበረች፤ እየሮጠች ወደ መኝታ ቤት መጣች።

"ወንድ ነው እኮ!"

"ማን?"

"ነርሱ! ቁመቱ በሩን ያክላል!"

ሰውየው ገና ሲገባ ጫማውን አወለቀ፤ ከዚያ ኮቱን ሰቅሎ "መታጠቢያው የት ነው?" አለ። እህቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሱ ወገን ሆነች። ሚዛን ላይ አቆመኝ፣ ደረቴን አዳመጠ፣ ሁለቱን እግሮቼን እያስተያየ መረመረ። "ፋይን" ስለው ፈገግ ብሎ "ፋይን ማለት ምን ማለት ነው? የት ነው የሚያምሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ ፋሻ መቀየር እንዲያስተምራት በምልክት ጠየቀችው፤ አስተማራት። እሱ በማይመጣባቸው ቀናት እሷ ትቀይርልኝ ጀመር።

የዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባቴ ስለ ሕመሜ እንድበላ ፈቅደውልኝ ነበር፤ እኔ ግን ያለ ሥጋ ብሰነብት ደስ እንደሚለኝ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ የማትጾመው እህቴ ጨው የሌለው ሽሮና ጎመን ትሠራልኝ፣ አብራኝም ትበላ ነበር። "ይኼማ ቅጣት ነው" እያለች ሳህኗን ትጠርጋለች። ከሰዓት በኋላ ክንዴን ይዛ የአፓርትመንቱን ኮሪደር ታመላልሰኛለች፤ ጉልበቴ ሲጠና ከጅረቱ ዳር ባለው የእግር መንገድ ወጣን። እየሄድን እናታችንን እናነሳለን፣ ልጅነታችንን እናነሳለን፣ የማናነሳው አልነበረም። እግሬ ሲድን እህቴ አሌክሳንድሪያ መመለሷን ሁለት ጊዜ አራዘመች፤ ምክንያቱን አልጠየቅኳትም።

መንዳት ሲፈቀድልኝ የመጀመሪያው ጉዞዬ ወደ እሷ ነበር። እሑድ ነው፤ ቸርቿ ይዛኝ ሄደች። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ከኋላ ተቀመጥኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እህቴ እጇን አወጣች፤ ስለ ራሷ ልትናገር መስሎኝ ነበር፤ "እህቴ ድናለች፣ እሷው ትንገራችሁ" አለች። መሸሽ አይቻልም፤ ተነሳሁ። በሕይወቴ በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። እግዚአብሔር እንዳዳነኝ፣ እህቴም እንዳስታመመችኝ ነገርኳቸው። "ከመካከላችሁ ቤቱ ነርስ የሚመጣለት ካለ ፋይን አትበሉ፤ የሚያማችሁን ተናገሩ" ስል ሳቁ፤ አጨበጨቡም።

ከዚያ እሷ ቤት ሄደን ምሳ በላን። ስለ ቸርቿ ሰዎች እያወራችልኝ ሳለ ንግግሯ እየቀዘቀዘ መጣ፤ ዞር ስል ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። እኔ ቤት በሰነበተችበት ጊዜ ሁሉ ቀን ላይ ጋደም ስትል አይቻት አላውቅም። ነጠላዬን አለበስኳትና ሳህኖቹን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ሙቅ ውሃ ከፍቼ፣ እሷን ላለመቀስቀስ ቀስ እያልኩ አጠብኩ።