ቤት ልታይ የመጣችው ሴት

ይህ ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ልጄ ስትሮጥ ባየሁ ቁጥር ያቺ ሴት ትዝ ትለኛለች።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ሐምሌ ውስጥ ነው። በእርግዝናዬ ጊዜ አንድም ክትትል አላመለጠኝም። ምጡም ደህና ነበር፤ በማግስቱ ከሆስፒታል ወጣሁ። ስወጣ ነርሷ በሦስተኛው ቀን ተመልሼ እንድታይ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ‘አንዴ በሰላም ከወለድኩ ምን እሆናለሁ?’ ብዬ ቀረሁ።

ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ያን ሰሞን ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር። ከሲኤምሲ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ኪራይ ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ጨቅላዋና ሊያርሱኝ ከደሴ የመጡት አማቴ ብቻ ነን።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ራሴን አመመኝ። የወትሮው ዓይነት አይደለም፤ ግንባሬን ለሁለት የሚሰነጥቅ ነው። አማቴ “ምች ነው፤ ትናንት በር ከፍተሽ ተቀምጠሽ” አሉና ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ። አልለቀቀኝም። ረፋዱ ላይ የልጄ ፊት ብዥ ይልብኝ ጀመር። አማቴ እንዳይደነግጡ ብዬ ዝም አልኩ።

በዚህ መሃል አንድ ደላላ የአውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች ሴት ይዞ ወደ ግቢ ገባ። አጠገባችን ያለውን ባዶ ክፍል ልታይ ነው። አይታ ስትወጣ የሕፃን ለቅሶ ሰማችና በራችን ላይ ቆም አለች።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ!” አለችኝ። ቀና ስል ግን ፈገግታዋ ጠፋ። “ፊትሽ እንዲህ ነው ወይስ አብጦ ነው? ራስሽን ያምሻል?”

“ምች መቷት ነው” አሉ አማቴ።

“ዓይንሽስ? ብዥ ይልብሻል?”

“አዎ” አልኳት።

አማቴ ዞረው አዩኝ። “ምነው ሳትነግሪኝ!”

ሴትየዋ ገብታ ከአማቴ ፊት ቁጭ አለች። “እማማ፣ እኔም ሁለተኛዬን ወልጄ እንዲሁ ሆኜ ነበር። እኛም ቤት ምች ነው ተባለ። ሆስፒታል የደረስኩት ራሴን ስቼ ነው። ደም ግፊት ነበር። አሁኑኑ መታየት አለባት።”

“አራስ ልጅ በዚህ ዝናብ ላውጣ? ልጄ ቢሰማ ምን ይለኛል?”

“ብትሞትብዎትስ ምን ይሉታል?”

አማቴ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝና ሕፃኗን አቀፉ። ሴትየዋ ደላላውን “ቤቱ ይቆይ” አለችው፤ ታክሲ ጠርታም አብራን ገባች።

ጤና ጣቢያ ግፊቴን የለካችው አዋላጅ ነርስ ደግማ ለካችና ሮጣ ሐኪም ጠራች። መርፌ ወጉኝ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላኩኝ። እዚያ ሐኪሙ “ይህ ግፊት ከወሊድ በኋላም ይመጣል። ትንሽ ብትዘገዩ ያንዘፈዝፋት ነበር” ሲል አማቴ አለቀሱ።

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አሉ።

“ኧረ አይደለም፤ ተመለሺ የተባልኩት እኔ ነኝ” አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

አራት ቀን ተኝቼ፣ መድኃኒት ይዤ በሰላም ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቀጠሮ አላሳለፍኩም።

ሴትየዋ አምቡላንስ ውስጥ እስክገባ ድረስ አብራን ቆይታ ወደ ሥራዋ ሄደች። በዚያ ግርግር ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። ክፍሉን ሌላ ሰው ተከራየው፤ ደላላውም ስልኳን አልያዘም። “እግዜር ይስጥልኝ” ሳልላት መቅረቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ግፊት እንደነበረብኝ ለሐኪሞቹ ገና በመጀመሪያው ክትትል ስለነገርኳቸው በደንብ ይከታተሉኛል። አልፈራም ብል ውሸት ነው። ግን የመጀመሪያዬን ስወልድ ያላወቅሁትን ዛሬ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር አማቴ ከደሴ ደወሉልኝ። የጎረቤታቸውን ልጅ በአራስነቷ ጤና ጣቢያ ወስደው አሳይተዋት መመለሳቸው ነው።

“አሟት ነው እንዴ?” አልኳቸው።

“ምንም አላመማትም፤ ሦስተኛ ቀኗ ስለሆነ ነው። ደህና ናት ሲሉን ደስ ብሎን ተመለስን።”

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።